ለአውሮፕላን ዋስ የሆኑት ሰው

ጋሽ ፈንታሁን ማረፋቸውን የነገረኝ የወንድማቸው ልጅ ነው፤ ሐሙስ ጠዋት ከደባርቅ ደወለልኝ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንባዬን ሳልጠርግ ሳቄ መጣ። ምን ላድርግ? እሳቸውን እያሰቡ ዝም ብሎ ማልቀስ አይሆንልኝም።

"ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው እትዬ" አለኝ ልጁ። "ሞስኮ ላለችው ለዶክተር ጥሩወርቅ ደውለንላት ነበር። አሁኑኑ እነሳለሁ፣ ሳልደርስ እንዳትቀብሯቸው አለች። ግን ከዚያ አገር ተነስታ ነገ ስድስት ሰዓት የት ትደርሳለች? ካህናቱም አንጠብቅም ብለዋል።"

"ማነው አትደርስም ያለው?" ጮህኩበት። "ትደርሳለች! ዋሷ እኔ ነኝ። ሙሉነሽ ዋስ ናት ብለህ ለካህናቱ ንገራቸው!" ብዬ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት።

ልጁ አይፈረድበትም፤ ያኔ አልተወለደም። አንዲት ጉልበቷን የሚያማት ጡረተኛ ዳባት ቁጭ ብላ ከሞስኮ ለሚመጣ መንገደኛ እንዴት ዋስ እንደምትሆን የሚያውቅ ሰው አሁን ጥቂት ነው። እስቲ ልንገራችሁ።

ደርግ በነበረ ጊዜ ደባርቅ የሒሳብ አስተማሪ ሆኜ ተመደብኩ። ጋሽ ፈንታሁን እዚያው ጂኦግራፊ ያስተምሩ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲራመዱ ጉልበታቸው ከሰውነታቸው ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነበሩ። ሰዓታቸውን እንደ ሰው ከእጅጌያቸው ሥር አያስሩም፤ ከኮቱ በላይ ነው። ለምን ሲባሉ "ጊዜ ተሸፍኖ አይታይም" ይላሉ። ሚስት አላገቡም። "ምነው ጋሼ?" ያለ ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ "ተነስታለች፣ ገና መንገድ ላይ ናት።"

በዚህ ዓለም ላይ አጥብቀው የሚወዱት ነገር አውሮፕላን ነው። ከየትኛውም አውሮፕላን ማረፊያ ተነስቶ የትም ለሚያርፍ አውሮፕላን ርቀቱንና ጊዜውን ያወጡለታል። ትምህርት ቤቱ አንድ ግሎብ ነበረው። አንድ ቀን ከጠረጴዛ ወድቆ በአንድ በኩል ጎደጎደ። ሁላችንም ስንደነግጥ ጋሽ ፈንታሁን አንስተው አገላበጡትና "እግዜር ይመስገን፣ የጎደጎደው ባሕር ላይ ነው፤ የሞተ ሰው የለም" አሉ። በዚያ ግሎብ ላይ ነጭ ክር ከከተማ ከተማ ይወጥራሉ፣ ክሩን በማስመሪያ ይለካሉ፣ ያባዛሉ፣ ያካፍላሉ። እኔ ሒሳቡን አንዳንዴ አይላቸው ነበር። ልክ ነው፤ ግን መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ ግማሽ ሰዓት ይጨምራሉ። "ይቺ ምንድን ናት ጋሼ?" ብላቸው "አብራሪው ጸሎት የሚያደርስባት ናት" አሉኝ።

ተማሪ ሲያረፍድ አይቆጡም። "ና ግባ፤ አንተ ከቤትህ ስትነሳ አብሮህ የተነሳ አውሮፕላን ካይሮ ገብቶ ሻይ እየጠጣ ነው" ይሉታል። በቅሏቸውን "ጄት" ብለው ነበር የሚጠሯት። ከደባርቅ እስከ ሊማሊሞ አፋፍ ባለው መንገድ ላይ እንደ ጄት የቀስታ በቅሎ አልተፈጠረችም። ሽማግሌ በከዘራ እየተደገፈ ይቀድማታል።

የቀበሌ ስብሰባ ደግሞ አለ። ያን ጊዜ ስብሰባ ከተጀመረ መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቅ የለም፤ መቅረትም አይታሰብም። አንድ እሑድ ሆዳችን እየጮኸ፣ እግራችን ደንዝዞ፣ ሊቀመንበሩ ገና አንደኛውን አጀንዳ እያብራራ፣ ጋሽ ፈንታሁን ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉና "ይኼ ስብሰባ ሲጀመር ከአዲስ አበባ የተነሳ አውሮፕላን አሁን ሮም ላይ ጎማውን እያወረደ ነው" አሉኝ። ሳቄ አመለጠኝ። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየን።

"ጓድ ፈንታሁን! ምን አሉ?" አለ ሊቀመንበሩ።

የዚያን ጊዜ በሳቅ ሰው ይታሰራል። ጋሽ ፈንታሁን ግን ቀስ ብለው ብድግ አሉና "ስብሰባው ሩቅ አደረሰን ነው ያልኩት፣ ጓድ ሊቀመንበር!" ብለው ተቀመጡ። ሊቀመንበሩ ደስ ብሎት አጨበጨበ። እኛም አጨበጨብን።

እንዲህ የሚናገሩት ሰውዬ አውሮፕላን ውስጥ ገብተው አያውቁም። ዕረፍት ሲሆን ጎንደር ይወርዱና አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ሲያርፍና ሲነሳ ያያሉ። ተመልሰው ወሩን ሙሉ ያወሩታል፤ መዳፋቸውን ዘርግተው በአየር ላይ እያዞሩ አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ያሳርፉታል። ከልባቸው ሲሆኑ ደግሞ "ለተነሳ ሰው ሩቅ አገር የለም" ይላሉ። እኔ ያን ጊዜ እንዲሁ የሚያምር አባባል ይመስለኝ ነበር።

ጥሩወርቅ የሁለታችንም ተማሪ ናት። ከደባርቅ ወጣ ብሎ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ካለች መንደር በእግሯ እየተመላለሰች ነው የተማረችው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናውን በከፍተኛ ውጤት ስታልፍ ሕክምና እንድትማር ሞስኮ ዕድል ደረሳት። ትምህርት ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። ልጅቷ ግን አቀርቅራ ወደ እኔ መጣችና "እትዬ፣ አባቴ አትሄጂም ብለዋል። ሳይመርቁኝ ደግሞ አልሄድም" አለችኝ።

አባቷ አያ ደምለው ክፉ ሰው አይደሉም። ትልቋን ልጃቸውን፣ የጥሩወርቅን እህት፣ ሩቅ አገር ድረው ነበር፤ ተከዜ ዳር፣ ብዙ ቀን የሚያስኬድ። ልጅቱ በወሊድ ሞተች። አባት መርዶውን የሰሙት ተቀብራ፣ ተዝካሯም ሊደርስ ሲል ነው። አፈሯን እንኳ አላዩም። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ሄደው "ከእንግዲህ ጠሪ በአንድ ቀን ደርሶ በማይጠራት አገር ልጄን ብሰድ ሚካኤል ይፍረድብኝ" ብለው ማሉ። አገሩ ሁሉ መሐላቸውን ያውቃል። ጥሩወርቅን ለማጨት የመጣ ሽማግሌ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠየቀው የሙሽራው ቤት ስንት ቀን እንደሚያስኬድ ነው።

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር "ምን ያስጨንቃል? ሊቀመንበሩ ጠርቶ ይዘዛቸው" አለ። ጋሽ ፈንታሁን እንደዚያ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። "ልጅ በትእዛዝ አይሸኝም! አባት መርቆ ነው የሚሸኘው!" አሉና በሩን ጠርቅመው ወጡ።

በማግስቱ እሑድ ግሎቡን በነጠላ ጠቅልለው ጄት ላይ ጫኑ። እኔም ተከተልኳቸው። መንደሩ ስንደርስ ሴቶቹ "ይሄ መምህር ዱባ ጭኖ መጣ" እያሉ ይሳሳቃሉ። አያ ደምለው ከጎረቤት ሽማግሎች ጋር ደጃቸው ተቀምጠዋል። ጋሽ ፈንታሁን ዱባውን ፈቱና ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። ክሩን አውጥተው ከአዲስ አበባ እስከ ሞስኮ ወጠሩት።

"ይኸው አያ ደምለው፤ መንገዱ ይሄ ነው። ስንዝር አይሞላም።"

አያ ደምለው ክሩን በሁለት ጣታቸው ይዘው አዩት፣ አዩት፣ አዩትና "ፈንታሁን፣ ክር ገደል አያውቅም። ሊማሊሞንም በክር ብትለካው ስንዝር አይሞላ። ስትወርደው ግን ነፍስህ ይወጣል" አሉ።

ሽማግሎቹ ሳቁ። በጋሽ ፈንታሁን ላይ ነጥብ እንደ ተቆጠረባቸው እኔም አየሁ።

"እሺ፣ ክሩን ይተዉት" አሉ። "እርስዎ የማሉት ጠሪ በአንድ ቀን እንዲደርስ ነው አይደል?"

"ነው።"

"ከደባርቅ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ስንት ቀን ነው?"

"ጎንደር አድረህ፣ ጎጃም አድረህ፣ ሦስት ቀን።"

"ከአዲስ አበባ ሞስኮ በአውሮፕላን ከአምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ጠዋት የተነሳ፣ ነዳጅ ለመቅዳት ከሚያርፍበት ጋር፣ ማታ ይገባል። ከዚህ አዲስ አበባም በአውሮፕላን ካሉ ጎንደር ላይ አለ፤ ጥዋት ተነስቶ ለምሳ ነው። እርስዎ አመመኝ ቢሉ ቃሉ በስልክ ይሄዳል፤ ልጅቱ በማግስቱ እዚህ ናት።"

ከሽማግሎቹ አንዱ "እንዲህ ከሆነማ ሩቁ ሞስኮ አይደለም፤ ሩቁ ደባርቅ ነው!" ሲል ሁሉም እንደገና ሳቀ። አያ ደምለው ግን አልሳቁም። በከዘራቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉና ቀና አሉ።

"ዋስ ጥራ" አሉ።

ይሄ በእኛ አገር የነገር ሁሉ መጨረሻ ነው። በሬ ሲሸጥ ዋስ፣ ሰው ሲታረቅ ዋስ፣ ልጅ ሲዳር ዋስ። አፍ የፈለገውን ያወራል፤ ዋስ የሌለው ቃል ግን ነፋስ ነው።

"ዋሱ እኔ ነኝ" አሉ ጋሽ ፈንታሁን።

"ለማን ነው ዋስ የምትሆነው?"

"ለአውሮፕላኑ።"

"ታውቀዋለህ?"

"አይቼዋለሁ። አዘዞ ሲያርፍ።"

"ገብተህበት ታውቃለህ?"

ጋሽ ፈንታሁን ውሸት አያውቁም። "አልገባሁበትም" አሉ።

"ያልገባህበትን ቤት ዋስ ትሆናለህ?"

"እሆናለሁ! እሑድ ጠዋት አዲስ አበባ የተሳፈረች ልጅ፣ ሰኞ ፀሐይ ሳትገባ ደረስኩ የሚል ቃሏ ደባርቅ ይመጣል። ካልመጣ እኔ ራሴ በእግሬ ሞስኮ ሄጄ አመጣልዎታለሁ።"

"በእግርህ?"

"በእግሬ። ጄትም አለች።"

ጄት ራቅ ብላ ቆማ ሣር ትነጫለች። ሁሉም ዞረው አዩዋት። እኔ አፌን በነጠላዬ ጫፍ አፈንኩ።

አያ ደምለው ግን የተቆረጠ ነገር ሲሰሙ የሚያከብሩ ሰው ናቸው። "ዋሱ ቢጠፋስ?" አሉ።

እኔ ምን እንደ ገፋፋኝ እንጃ፤ ብድግ ብዬ "የዋሱ ዋስ እኔ ነኝ!" አልኩ። ያን ጊዜ ወጣት ነኝ፣ እግሬም ደህና ነበር።

አያ ደምለው ጥሩወርቅን ከጓዳ ጠሯት። መጥታ እግራቸው ላይ ወደቀች። ጀርባዋን እየዳሰሱ መረቋት፤ መርቀውም ሲጨርሱ እጃቸውን ከጀርባዋ ማንሳት አቃታቸው። ሄደችም።

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ሸኛት። ቃሉ የሚመጣውም በእሱ በኩል ነው፤ እንደ ገባች ቴሌግራም ትልክለታለች፣ እሱ ደባርቅ ይደውላል። ሰኞ ዕለት አያ ደምለው ከጎህ ጋር መጥተው ከስልክ ቤቱ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ጋሽ ፈንታሁን ክፍል በጨረሱ ቁጥር እየመጡ አጠገባቸው ይቀመጣሉ። ሰዓታቸውን ያያሉ፣ ፀሐይዋን ያያሉ። ከሰዓት በኋላ ስልከኛው ብቅ ብሎ "መስመሩ ከጠዋት ጀምሮ ሞቷል። ነፋሱ የሆነ ቦታ በጥሶት ይሆናል" አለ። መኪናም የለም፤ ወታደሮች ለጸጥታ ብለው መንገዱን ለተሽከርካሪ ዘግተዋል፣ የሚያልፈው እግረኛ ብቻ ነው። ፀሐይዋ ዝቅ፣ ዝቅ አለችና ገባች።

"ፈንታሁን" አሉ አያ ደምለው፣ "ገባች።"

"አየኋት" አሉ ጋሽ ፈንታሁን።

"መስመር ተበጠሰ ማለት ምክንያት ነው። አልይዝህም።"

"እኔ መስመሩ ካልተበጠሰ ብዬ ዋስ አልሆንኩም። ነገ ጠዋት እነሳለሁ።"

ቀልድ መሰለኝ። ጠዋት በራቸው ላይ ስደርስ ጄት ተጭናለች። ጋቢ፣ አንድ ስልቻ ዳቦ ቆሎ፣ የውሃ ቅል፣ ክሯም በደረት ኪሳቸው አለች። ዳይሬክተሩ እየሮጠ መጣ። "ጓድ ፈንታሁን፣ ወዴት ነው? ክፍልዎስ?"

"ሞስኮ ነኝ" አሉት። "ተማሪዎቹን ጂኦግራፊ አስተማሪያችሁ ጂኦግራፊ ሄዷል በላቸው።"

ከተማው ወጥቶ ያይ ጀመር። የሚስቅ አለ፣ የሚያማትብ አለ። በዚህ መሐል አያ ደምለው በትራቸውን ትከሻቸው ላይ ጋድም አድርገው፣ ስንቃቸውን አንጠልጥለው መጡ።

"እርስዎ ደግሞ ወዴት?" አሉ ጋሽ ፈንታሁን።

"ልጅቱ የኔ፣ መሐላው የኔ። አንተ ስትሄድ እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ምን እባላለሁ? ምራ!"

እኔስ? የዋሱ ዋስ አይደለሁ! ሁለቱ ቢጠፉ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ሸራ ጫማዬን አጥልቄ ተከተልኩ። እውነቱን ለመናገር እናቴ ቤት ዳባት ስደርስ አግባብቼ እመልሳቸዋለሁ ብዬ ነበር።

እንዲህ አድርገን ሦስት ሰዎችና አንዲት በቅሎ ወደ ሞስኮ ጉዞ ጀመርን። ገብሱ ጥሩ ይዞ ነበር፣ ባቄላውም እንደዚያው። መንገደኛ ሁሉ "ወዴት ነው?" ይላል። "ሞስኮ!" እንለዋለን። አንዲት እንጨት የተሸከመች ሴት "እሱ ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ነው ወዲህ?" ስትል ጋሽ ፈንታሁን ቆም ብለው በአክብሮት "ትንሽ ወዲያ ነው እናቴ" አሏት።

"ከጎንደር ቀጥሎስ?" ይላሉ አያ ደምለው።

"ሱዳን።"

"ከሱዳንስ?"

"ግብፅ። ከዚያ ባሕር።"

"ጄት ትዋኛለች?"

"ሞክራ አታውቅም።"

ወቅንን እንዳለፍን ከአንዲት ጅረት ዳር አረፍን። እዚያ ላይ ሳቁ ተቋረጠ። አያ ደምለው ውሃውን እያዩ፣ ቀና ሳይሉ "ፈንታሁን፣ እውነቱን ንገረኝ። ወድቆ ይሆን?" አሉ።

እኔም ከጠዋት ጀምሬ ያንኑ ነበር የማስበው፤ ያልተናገርኩት ፈርቼ ነው። ጋሽ ፈንታሁን ያን ጊዜ መዳፋቸውን እንደ አውሮፕላን አላበረሩም። ዝቅ ብለው የአያ ደምለውን እጅ ያዙ።

"አያ ደምለው፣ እኔ የማውቀው ርቀቱን ነው። ሌላውን የሚያውቅ ፈጣሪ ነው። ቁጭ ብዬ ግን አልጠብቅም። እስክናገኛት እንሄዳለን።"

አያ ደምለው ተነሱና የጄትን ልጓም ራሳቸው ያዙ።

ዳባት የገባነው ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ነው። በስልክ ቤቱ በኩል ስናልፍ የዳባቱ ስልከኛ፣ የእናቴ ጎረቤት፣ በመስኮት አየኝና ዘሎ ወጣ።

"ሙሉነሽ! አንቺን እግዜር አመጣሽ! ወንድምሽ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ደወለ። ከዚህ ወደ ደባርቅ ያለው መስመር ተቆርጧል፣ መኪና ደግሞ የለም፤ በማን ልላከው?"

"ምን አለ?" አልን ሦስታችንም በአንድ አፍ።

"ጥሩወርቅ ደህና ገብታለች፣ እሑድ ማታ ነው የገባችው፣ ለአባቷ ንገሩልኝ አለች። ደግሞም..." ስልከኛው ራሱን አከከ። "ይቺን እኔም አልገባችኝ። ጋሼን እንዳይነሱ ያዙልኝ ብላለች።"

አያ ደምለው እዚያው መንገዱ ላይ ተንበርክከው መሬቱን ሳሙ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፣ ያለቅሳሉ ስል ቀና ሲሉ እየሳቁ ነው። እኔ ደግሞ እስቃለሁ ስል አለቀስኩ። ጋሽ ፈንታሁን ብቻ ስልከኛውን በኮሌታው ይዘውታል።

"ማታ ስንት ሰዓት?"

"ማታ ነው የሚለው ጋሼ።"

"ሰዓቱን አትጠይቅም? ስንት ሰዓት ነው ጎማው መሬት የነካው? ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ!"

በኋላ ነው ያሰብኩት። ቃሉ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ዳባት ተቀምጦ ይጠብቀን ነበር፤ ከደባርቅ የቀን መንገድ። ደባርቅ ቁጭ ብለን ብንጠብቅ መስመሩ እስኪጠገን ምን ያህል እንደምንጨነቅ እንጃ። "ለተነሳ ሰው ሩቅ አገር የለም" የሚሉት ነገር ያን ቀን ገባኝ።

አያ ደምለው አቧራቸውን አራግፈው ቆሙ። ሰው ከብቦናል። በትራቸውን መሬት ላይ ተከሉና እንደ ሸንጎ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"ሰዎች ስሙ! ይሄ ሰው ለአውሮፕላን ዋስ ሆኖ ነበር። አውሮፕላኑም በቃሉ ተገኝቷል። ፈንታሁን፣ ከዋስትናህ ወርደሃል!" ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ ግን አትወርጂም። ይቺ ልጅ ገና ትመለሳለች፣ ደግሞ ትሄዳለች። አንድ ዋስ ይኑራት።"

የሞስኮውን ስንቅ እናቴ ደጅ ዘርግተን ከነጎረቤቱ በላነው። ጋሽ ፈንታሁን አንድ እፍኝ ዳቦ ቆሎ ወደ አፋቸው እየወረወሩ "ይሄ ስንቅ ካይሮ ያደርሰን ነበር" ይላሉ። አያ ደምለው ደግሞ "የጄትን አካሄድ ላየ ጎንደርም አያደርሰን" ይላሉ። እንደዚያን ቀን ስቄ አላውቅም።

ጥሩወርቅ ሐኪም ሆነች። ትመጣለች፣ ትሄዳለች። አያ ደምለው ሲታመሙ ጠሪ በስልክ ጠራት፣ ደረሰችም፤ ሳምንታት አስታመመቻቸው፣ እጇ ላይ አረፉ። መሐላቸው ሳይፈርስ ተፈጸመ። ጋሽ ፈንታሁንንም አንድ ጊዜ ቲኬት ቆርጣ ከጎንደር አዲስ አበባ በአውሮፕላን ወሰደቻቸው። በስተርጅና ሕልማቸው ደረሰ አልን። ሲመለሱ አገሩ ሁሉ ሊሰማ ተሰበሰበ።

"እህስ ጋሼ፣ ጣናን ከላይ አዩት?" አልኳቸው።

"ኧረ ምኑን!" አሉ። "ከተነሳ እስኪያርፍ ዓይኔን ጨፍኜ የመቀመጫውን ክንድ ይዤ ነው የሄድኩት። አጠገቤ ያለው ፈረንጅ እጄን ይዞልኝ ነበር።"

"እርስዎ? ዋስ የሆኑለት አውሮፕላን?"

"ዋስ የሆንኩት እንደሚደርስ ነው፤ እንደማያስፈራ አይደለም!"

እንግዲህ የደወለልኝ ልጅ "አትደርስም" ሲለኝ የተናደድኩት ለዚህ ነው። ያን ዕለት ከሰዓት ደባርቅ ሄድኩ፤ መንገዱ አስፋልት ሆኗል፣ ሚኒባሱ ዓይን ሳይከድኑ ያደርሳል። ካህናቱንና ሽማግሎቹን አንድ በአንድ ያዝኳቸው። ወጣቶቹ አልገባቸውም። ከሽማግሎቹ አንዱ ግን ያን ቀን አያ ደምለው ደጅ የነበሩ ናቸው። "ሩቁ ደባርቅ ነው" ያሉት እሳቸው ነበሩ። ዓይናቸው አያይም፤ በድምፄ አወቁኝ።

"የዋሱ ዋስ ነሽ?" አሉኝ።

"ነኝ።"

"አልወረድሽም?"

"አያ ደምለው አላወረዱኝም።"

"እንግዲያ ዋሱ ሲሞት ዋስትናው ባንቺ ላይ ነው" አሉና ወደ ካህናቱ ዞሩ። "እስከ ስድስት ሰዓት ሬሳው ቤቱ ይቆያል። ካልደረሰች ሴትዮዋ በእግሯ ሄዳ ታምጣት።"

ዓርብ ጠዋት እጄ አላርፍ አለኝ። ከልቅሶው ወጥቼ ከጎንደር በሚመጣው መንገድ ዳር ቆምኩ። አምስት ሰዓት ሆነ። አምስት ተኩል ሆነ። በውስጤ አውሮፕላኑን እከተለዋለሁ፤ ማታ ተነስቷል፣ ጎህ ሲቀድ አዲስ አበባ ነው፣ ጠዋት ጎንደር፣ አሁን ወቅንን አልፏል... ያችን ለአብራሪው ጸሎት የምትጨመረውን ግማሽ ሰዓትም አልረሳሁም። ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ደወል ሲመታ ሰማሁ። "ጋሼ፣ እንዳታሳፍሩኝ" አልኩ ጮክ ብዬ። የባጃጅ ሾፌሮቹ ዞር ብለው አዩኝ።

አንዲት ነጭ መኪና እየከነፈች መጥታ አጠገቤ ቀጥ አለች። በሩ ተከፈተ። ጥሩወርቅ ናት፤ ፀጉሯ ሸብቷል፣ የአባቷን ግንባር ይዛለች። አቀፈችኝ። ሁለታችንም እየጮህን አለቀስን። ትንሽ ረገብ ስንል ወደ እግሬ አየች። ሸራ ጫማ ነው ያጠለቅኩት። በእጄ ደግሞ ፌስታል አለ።

"እትዬ" አለች፣ "ይሄ ምንድን ነው?"

"ዳቦ ቆሎ ነዋ" አልኳት።

እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ሳቀች። "በዚህ ጉልበትዎ? ሊመጡልኝ ነበር?"

"እስከ ዳባት እንኳ አላጣም ነበር።"

እጅ ለእጅ ተያይዘን ገባን። ሬሳው ገና ቤቱ ነው። ከኮታቸው እጅጌ በላይ ሰዓታቸውን አስረውላቸዋል፤ ይሄን ያደረገ ሰው ይባረክ። ጥሩወርቅ ጎንበስ ብላ ሰዓቱን አየች፣ ከዚያ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ "ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ተሳፈርኩ ጋሼ፣ አምስት ሰዓት ከአርባ ላይ ደባርቅ ገባሁ" አለቻቸው። ለአንድ ጊዜ ሰዓቱን የነገራቸው ሰው ተገኘ።

ከቀብር ስንመለስ፣ ድንኳኑ ሥር ተቀምጠን ፌስታሉን ፈታነው። እፍኟን ዘግና እያኘከች "እንግዲህ እትዬ፣ አባቴ ሳያወርዱዎት ሄዱ። እኔ ላውርድዎት። ከዋስትናዎ ወርደዋል" አለችኝ።

"አልወርድም!" አልኳት። "ደሞ መመለሻሽስ?"